የጫነው መኪና ከፊት ይሄዳል

ውድ እታለሜ፣

ይህን የምጽፍልሽ ሁለቱንም እግሮቼን ሳፋ ውስጥ ከትቼ ነው። ውሃው ለብ ያለ ነው፤ ጨው ስላለበት ያቃጥላል። ከተሳላሚዎች ማረፊያው ትሪ ተውሼ ጭኔ ላይ አድርጌዋለሁ፤ እሱ ነው ጠረጴዛዬ። ጽሑፌ ቢንጋደድ ከስድስተኛ ክፍል ማቋረጤን ብቻ አትውቀሺ፤ ትሪውም ይንሸራተታል።

ደርሻለሁ። መጀመሪያ ይህን ልናገር፣ ምክንያቱም ደብዳቤውን ጮክ ብለሽ ስታነቢ እማዬ አጠገብሽ ተቀምጣ ትንፋሿን ይዛ እንደምትሰማ አውቃለሁ። እማዬ፣ ደርሻለሁ። ደህና ነኝ። ተንፍሺ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ከቤት በወጣሁበት ጠዋት፣ ሱቁ ውስጥ የስፌት መኪናሽን መርፌ እየቀየርሽ ያልሽኝን አልረሳሁም። «ሂጂና እዪልኝ» አልሽ። «መንገዱን እኔ እችለው እንደሆነ እዪልኝ። ሰው ሁሉ አትችይም ይለኛል፤ ከሚሉት ውስጥ ግን ሄዶ ያየ አንድም የለም። እግር ላይ የሚያደርሰውን ሁሉ ጻፊልኝ። አታሳምሪው፤ እንዳልፈራ ብለሽም አትደብቂኝ።» ከዚያ ምርኩዝሽን ከግድግዳው አንስተሽ እስከ በሩ ሸኘሽኝ። ለደንበኛ ቢሆን ከወንበርሽ አትነሺም ነበር።

አንቺ ያልሰማሽው ደግሞ አለ። እማዬ ቦርሳዬን ይዛልኝ እስከ መነሻው ስትሸኘኝ፣ መንገድ ላይ ክንዴን ያዝ አድርጋ «አይቻልም በያት» አለችኝ። «ምንም ብታዪ፣ ሜዳ ሆኖ ብታገኚው እንኳ፣ ለሷ አይቻልም በያት። ወድቃ ብትሰበር የማነሳበት ጉልበት የለኝም።» እኔም እንደ ልማዴ ዝም አልኩ። እሷም ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጥራው ግንባሬን ሳመችኝ። እማዬ፣ እሺ አላልኩሽም። ዝም ነው ያልኩት። መንገዱን ሁሉ የሁለታችሁን ቃል ግራና ቀኝ ይዤ ነው የሄድኩት፤ ከቦርሳው ይልቅ እሱ ነው የከበደኝ።

ስንነሳ አርባ ያህል ነበርን። መሪያችን ጋሽ ፍሬን ይባላሉ። የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው ተሳላሚ መምራት የጀመሩት። ሰው ፈጠን ባለ ቁጥር «ፍሬን! ፍሬን ያዙ!» ስለሚሉ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ የለም። እኔ የሁሉም መጨረሻ ሆንኩ። አቅቶኝ አልነበረም፤ ሰው ከኋላዬ ሲሆን አረማመዴ ይጠፋብኛል። ታውቂኛለሽ፤ ሱቅ ውስጥ እንኳ ደንበኛ ሲገባ ቁልፍ የምተክለው ወደ ግድግዳ ዞሬ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ያታልላል። እግር ራሱ የት እንደሚሄድ የሚያውቅ ይመስላል፤ ሰውም ይዘምራል፣ ይቀላለዳል። አመሻሽ ላይ ቁጭ ካልን በኋላ ግን መነሳት አቃተኝ። ጭኔ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ከበደኝ። ጣቶቼ አብጠው ቡጢ መጨበጥ አልቻልኩም፤ እጅ ቀኑን ሙሉ ወደ ታች ሲንጠለጠል እንደዚህ ይሆናል አሉኝ። የቦርሳው ማንገቻ ትከሻዬ ላይ ሁለት ቀይ መስመር አስምሯል። የቀሚሴ ጀርባ ነጭ ሆኖ ሳየው አቧራ መስሎኝ ባራግፈው አልሄድ አለኝ። ጨው ነው። የራሴ ጨው። ይህን ያህል ጨው ይዤ እንደምዞር አላውቅም ነበር።

ተኛን ማለት ይቻል እንደሆነ እንጃ፤ ጋደም አልን። አይኔን ስጨፍን እግሮቼ ይሄዱ ነበር። ወለሉ ላይ ተዘርግተው እንኳ ጡንቻዎቼ ይርገበገባሉ፤ ልክ አንቺ ፔዳሉን ለቀሽውም የመኪናው ጎማ ትንሽ ዞሮ ዞሮ እንደሚቆመው።

ሲነጋ ግን እግሬ የኔ አልነበረም። ተነስ ስለው አይሰማም። በሁለት እጄ ከጉልበቴ ሥር ይዤ አነሳሁትና ጫማ ውስጥ ከተትኩት። ያኔ አንቺ ትዝ አልሽኝ፤ በየቀኑ ጠዋት ግራ እግርሽን በሁለት እጅሽ ከአልጋ ስታወርጂው። ከተወለድኩ ጀምሮ አየዋለሁ። ምን እንደሚሰማሽ ግን አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም።

ከዚያ የሆነው እስካሁን ይገርመኛል። ሞቷል ያልኩት እግር ጥቂት እንደተንቀሳቀሰ ነፍስ ዘራ። ሕመሙ አልጠፋም፤ ሞቀና ቦታ ለቀቀልኝ። ማንም ሳይረዳኝ፣ እኔም ሳላምንበት፣ ያ አካል ተነስቶ ሄደ። አብሬው ስኖር የማላውቀው ሌላ ፍጥረት በውስጤ ያለ መሰለኝ። ፈራሁት፤ አከበርኩትም።

አሁን ስለ ካልሲው ልንገርሽ። እንዳታዝኚ፤ ሳቂበት። ለመንገድ ብለሽ ከወፍራም ጨርቅ የሰፋሽልኝ ካልሲ እንዳይተረተር ተረከዙ ላይ ሁለቴ ደርበሽ ነው የመታሽው። እውነትም አልተተረተረም። እኔ ነኝ የተተረተርኩት። በስፌቱ የተነሳ ተረከዜ ውሃ ቋጠረ፤ ፈነዳ፤ ከሥሩ ሌላ ቋጠረ። በየእርምጃው ተረከዜን የጋለ ብረት ላይ የማሳርፍ ያህል ነበር። መናገር ደግሞ አፈርኩ። ላውለቀው ብል ያንቺ እጅ ነው፤ አልሆነልኝም። ሰው ሲተኛ ጠብቄ ዞር ብዬ እጠርገዋለሁ፤ ጠዋት መልሼ አጠልቀዋለሁ።

አጠገቤ የምትተኛው ዳቦ ጋጋሪ ናት፤ ግዙፍ ሴት፣ ስታወራ ጣሪያው የሚነሳ የሚመስል። ጫማዬን ሳወልቅ አየችኝ።

«አንቺ ዝምተኛ! እሱ ምንድነው፣ ቀለም ነው ደም?»

«ምንም አይደለም እትዬ።»

«ምንም የሚባል ነገር ካልሲ አያበሰብስም! አምጪው ወዲህ።» ጎትታ አወለቀችውና ተረከዜን ስታይ ድምፅዋ ወረደ። «ውይ ልጄ! በዚህ ነው ሦስት ቀን የሄድሽው? ማነው ይሄን የሰፋልሽ?»

«እህቴ።»

«ልብስ ሰፊ ናት?»

«አዎ።»

«እጇ ይባረክ፤ ይሄ እኮ ካልሲ አይደለም፣ የመኪና ጎማ ነው!» ጣቷን ውስጥ አስገብታ ስፌቱን ዳበሰችው። «ግን ስፌቱን ወደ ውስጥ አደረገችው። በእግሯ ብዙ አትሄድም እንዴ?»

 መልሴን ሳትጠብቅ ካልሲውን ገለበጠችና ስፌቱን ወደ ውጭ አደረገችው። «በቃ። እዚህ አማረባት ብሎ የሚያይሽ የለም።» ቁስሌን አጥባ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ የተገለበጠውን ካልሲ ራሷ አጠለቀችልኝ።

እታለሜ፣ አንቺ ሰው በር ላይ ቆሞ ሳለ ትከሻውን አይተሽ ልኩን የምትቆርጪ ሴት ነሽ። ካልሲው ላይ የተሳሳትሽው እጅሽ ሰንፎ አይደለም። መንገድ ያስሄደሽ ሰው ስለሌለ ነው። ያን ሌሊት ይህን እያሰብኩ ከቁስሌ ይልቅ ሌላ ነገር አመመኝ።

በማግስቱ ዳቦ ጋጋሪዋ ለጋሽ ፍሬን ነግራ ኖሮ ገና ጫማዬን ሳስር ጠሩኝ። ወደ ቤት ሊመልሱኝ መስሎኝ ማሰሪያውን አጥብቄ ቋጠርኩ።

«ከፊት ቁሚ» አሉኝ።

«እኔ?»

«አንቺ። ከዛሬ ጀምሮ የምትመሪን አንቺ ነሽ።»

ከመካከላችን አንድ ኳስ ተጫዋች አለ፤ ጎረምሳ ነው፤ እረፍት ስንወጣ ሁሉ ሲዘል የሚውል። «ኧረ ጋሼ!» አለ። «እሷን ተከትለን? እስክንደርስ እኮ እነዚህ ሴቶችም ጢም ያበቅላሉ!»

ሰው ሳቀ። እኔ መሬት ብትከፈት ብዬ ተመኘሁ። ጋሽ ፍሬን ግን ፊታቸው አልተፈታም።

«ስማ አንተ ልጅ። ዕድሜዬን በኮንቮይ ተሰልፌ ነው የነዳሁት። ብዙ የጫነው መኪና ከፊት ነው የሚሄደው፤ ባዶው ከኋላ ይሆናል። ባዶውን ከፊት ካደረግከው ይበራል፤ የጫነው ዳገት ላይ ብቻውን ይቀራል። ቢበላሽም የሚያየው የለም። እዚህም ሕጉ ያው ነው። እሷን የሚያልፍ ሰው እንዳላይ።»

«ሽንቴ ቢመጣስ?»

«ታስፈቅዳታለህ።»

በዚህኛው ሁሉም ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። እኔ ከፊት ቆምኩ።

ከፊት መሆን ምን እንደሚመስል እንዴት ልንገርሽ? ከኋላዬ ያለው የጫማ ድምፅ ሁሉ ጀርባዬ ላይ የሚወርድ መሰለኝ። በኀፍረት ፈጠን አልኩ፤ ተረከዜ ወዲያው ቀጣኝ። ጋሽ ፍሬን «ፍሬን!» አሉ፣ ዝግ ብለው። ቀስ አልኩ። አርባው ሰው ቀስ አለ። ለመፈተን ቆም አልኩ፤ ሁሉም ቆሙ። ማንም «ምን ሆንሽ?» አላለም። እንደገና ተራመድኩ፤ ተራመዱ። ጥቂት እንደሄድን እነዚያ የተለያዩ ኮቴዎች አንድ ሆኑ። ይህን ያህል ሰው፣ ይህን ያህል ጉልበት፣ በእኔ በተላጠች ተረከዝ ልክ ይተነፍስ ነበር። ዳገቱ ላይ ዞሬ ወደ ታች ሳይ መስመሩ እንደ አንድ ረጅም አካል ተጠማዞ ወደኔ ይመጣል። አለቀስኩ፤ ግን ከፊት ስለሆንኩ ማንም አላየኝም። ከፊት መሆን ይህም ጥቅም አለው።

ከዚያም በኋላ ሕመሙ አልቀረም። ከንፈሬ ተሰነጣጥቆ ስስቅ ይደማል። ሁለቱ ጭኖቼ በሚነካኩበት ተልጬ እንደ ዳክዬ እግሬን ከፍቼ እሄድ ነበር፤ ሴቶቹ ሁሉ እንደዚያው ስለነበርን ማፈሩን ተውነው። ሽንቴ ጠቆረ፤ ዳቦ ጋጋሪዋ በግድ ውሃ አጠጣችኝ። የዳገት ላይ ትንፋሽ ደረትን ከውስጥ ይልጣል። አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም ነበር።

አሁን ወደ ክፉው ቦታ ልምጣ። ልዘለው እችል ነበር፤ ግን አታሳምሪው ብለሻል። ከመድረሻው በፊት ቁልቁለት አለ። ድንጋዩ ልቅ ነው፤ ስትረግጪው ከሥርሽ ይሸሻል። ጉልበት የሚያልቀው ዳገት ላይ ይመስለኝ ነበር። ውሸት ነው፤ ቁልቁለት ነው የሚጨርሰው። እያንዳንዱ እርምጃ ጉልበትሽን በመዶሻ ይመታዋል። ጣቶችሽ ከጫማው ጫፍ ጋር ይጋጫሉ። የሁለቱ አውራ ጣቶቼ ጥፍር እዚያ ነው የጠቆረው፤ አንደኛው ቅድም ሳፋው ውስጥ ተነስቶ ሲንሳፈፍ አየሁት።

ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ቆምኩ። ያንቺን ምርኩዝ አሰብኩ። የዳቦ ጋጋሪዋን ረጅም በትር ተቀበልኳትና ግራ ብብቴ ሥር አስገባሁ። ግራ እግሬን አንጠልጥዬ፣ አንቺ እንደምትሄጂው ለመውረድ ሞከርኩ። ጥቂት እንደወረድኩ ድንጋዩ ተንከባለለ፤ በትሩ ሸሸኝ፤ በክርኔ ወደቅኩ።

«ልጅቷ አበደች!» አለች ዳቦ ጋጋሪዋ።

ጋሽ ፍሬን ወርደው አጠገቤ ተቀመጡ። አልተቆጡም። «ለማን ነው የምትለኪው?» አሉኝ።

ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ይሰማል። እኔ ሰው ፊት ስሜን እንኳ ስጠየቅ የምንተባተብ ነኝ። ግን አፌ ተከፈተ።

«እህት አለችኝ። በምርኩዝ ነው የምትሄደው። እዚህ ጋ ስትደርስ ምን ትሆናለች?»

አሰቡበት። ወዲያው ቢመልሱልኝ ኖሮ አላምናቸውም ነበር።

«ትቀመጣለች» አሉ። «ምርኩዟን ለኋለኛው ሰው ሰጥታ በቂጧ ትወርዳለች።»

«በቂጧ?»

«ታዲያ በምን ትውረድ? አምና ጉልበቴን አሞኝ እኔ በቂጤ ነው የወረድኩት። ሱሪዬ ሞተ እንጂ እኔ አልሞትኩም።»

«ሰው አይስቅባትም?»

«ይስቃል እንጂ! እሷም ትስቃለች። ሳቁ ሲያልቅ ታች ደርሳለች።»

«ስንት ሰዓት ይፈጅባታል?»

«እሱን አላውቅም። የፈጀባትን ያህል ለሁላችንም ይፈጅብናል። ከፊት ናት አይደል?»

በትሩን ለዳቦ ጋጋሪዋ መለስኩና ተቀመጥኩ። በሁለት መዳፌ እየተደገፍኩ፣ በአንድ እግር እየገፋሁ፣ መውረድ ጀመርኩ። ቀሚሴ ተቀደደ፤ መዳፌ ተላጠ፤ ግን አልወደቅኩም። የተቀመጠ ሰው የት ይወድቃል? ከኋላዬ የድንጋይ ኮሽታ ስሰማ ዞር አልኩ። ኳስ ተጫዋቹ ተቀምጧል። ጉልበቱ ከጠዋት ጀምሮ እንደ ዳቦ አብጦበት ኖሮ ደብቆት ነበር።

«ጋሼ» አለ እየተንፏቀቀ፣ «እኔም የጫንኩ ሳልሆን አልቀርም።»

«ታዲያ ለምን ከኋላ ተደበቅክ? ከልጅቷ ጎን ውረድ!»

ዳቦ ጋጋሪዋም «እኔ ከተቀመጥኩ የምወርደው ከነተራራው ነው!» ብላ እየሳቀች ተቀመጠች። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። የቻሉት ቆመው፣ ያልቻሉት ተቀምጠው፣ አቧራ እያጨስን ወረድን። ማንም አላለፈኝም።

ስለ መድረሱ ብዙ ቃል የለኝም። እልል የሚባል መስሎኝ ነበር፤ ሰው ሁሉ ግን አጎንብሶ ጫማውን ይፈታ ጀመር። የቤተ መቅደሱ በር ደፍ ድንጋይ ነው፤ መካከሉ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። መሮ የነካው አይደለም። የሰው ጉልበትና ግንባር ነው ያን ያህል የበላው። ሥጋ ድንጋይ ሲጨርስ አየሁ፤ ያውም ይህ በየመንገዱ የሚላጥ፣ የሚያብጥ፣ የሚደማ ሥጋ። ልንበረከክ ብል ጉልበቴ አልታጠፍ አለ። ዳቦ ጋጋሪዋ በአንድ በኩል፣ ኳስ ተጫዋቹ በሌላው በኩል ይዘው ቀስ አድርገው አወረዱኝ። ግንባሬ ጉድጓዱ ውስጥ ልክ ገባ፤ ቀዝቃዛ ነበር። ምንም አልለመንኩም። መለመኛ ቃል አልነበረኝም፤ ሰውነቴ በሙሉ እዚያ ስለነበረ ሌላ የሚጨመር አልነበረም።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልሽ።

ያመኝን ሁሉ ያምሻል፤ አንቺ ላይ ደግሞ ይብሳል። ገበያ ደርሰሽ ስትመለሺ ብብትሽን የምትቀቢውን ቅባት አውቀዋለሁ፤ እሱ እዚህ አንድ ቀን አያደርስሽም። ቀኝ ዳሌሽ የሁለት ሰው ሥራ ይሠራል። መዳፍሽ ይላጣል፤ እሱ ደግሞ እንጀራሽ ነው፤ ስትመለሺ መቀስ የማትይዢበት ጊዜ ይኖራል። ጫፉ ላይ ጎማ ያለው ጠንካራ ምርኩዝ ያስፈልግሻል፤ ያሁኑ አይሆንም። ትደርሻለሽ ብዬ አልምልልሽም። ጋሽ ፍሬንም አልማሉልኝም። ትናንት ስለ አንቺ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ካንቺም ትዘገያለች?» አሉኝ። አዎ፣ በጣም ትዘገያለች አልኳቸው። «እንግዲህ ቀስ ማለት መለማመድ አለብን» ብለው ሄዱ።

ግን ይቻላል። ያየሁት ይህን ነው። የማይቻለው ብቻሽን ወይም ከኋላ ነው።

እማዬ፣ አይቻልም በያት ብለሽኝ ነበር። እንዲህ ብዬ መጻፍ አልቻልኩም። የወደቀ የሚያነሳ ጉልበት ያንቺ ብቻ መስሎሽ ነው የፈራሽው። እኔ ስወድቅ ግን አንቺ እዚህ አልነበርሽም፤ ተነስቻለሁ። አትቆጪኝ። ወይም ተቆጪኝ፤ ግን እስክመለስ አንድ ነገር አድርጊልኝ፤ ማታ ማታ ሱቁ ሲዘጋ ከእታለም ጋር እስከ መንገዱ ጫፍ ሂጂ። ክንዷን አትያዢ። ከኋላዋ ሁኚና ልኳን ልመጂው።

እታለሜ፣ ውሳኔው ያንቺ ነው። አልሄድም ብትዪም አይከፋኝም፤ ይህን ሁሉ ሰምቶ የሚፈራ ሰው ልክ ነው። እሄዳለሁ ካልሽ ግን ስምሽን አስቀድሜ ለጋሽ ፍሬን ተናግሬያለሁ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። እግሬ ጫማ ውስጥ መግባት ሲጀምር በአውቶቡስ እመጣለሁ።

ቀድመሽ ውጪ። አላልፍሽም።

ከኋላሽ የምትመጣው
ታናሽሽ